ለቅዳሜ መቅረት የተነፋ ጡሩንባ

ዓይን አፋርነት እንደ ወባ በክኒን የሚለቅ ቢሆን ኖሮ፣ ናዝሬት ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱን እኔ ብቻዬን አበለጽገው ነበር። ወባውንስ ለምደነዋል፤ ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይሄዳል። የእኔ ሐፍረት ግን ክረምት ከበጋ አይልም። ሱቅ ስገባ ሰው ካለ፣ ሰው ሁሉ ተስተናግዶ እስኪያልቅ ጥግ ይዤ እቆማለሁ። ሰው ሲያልቅ ደግሞ "አሁን ከባለሱቁ ጋር ብቻችንን ቀረን" ብዬ አፍሬ እወጣለሁ። እናቴ ባዶ እጄን ስመለስ ስታየኝ፣ "ጨው ግዢ ነው ያልኩሽ፣ ባል አምጪ አላልኩሽም፤ ምን ያሳፍራል?" ትለኛለች።

እንግዲህ የትምህርት ቤቱን ነገር በየቤቱ እየዞረች እንድትናገር በሰፈሩ ሁሉ ስም የተመረጠችው ይህቺው ጨው መግዛት የሚያሳፍራት ሴት ናት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። በጽሑፍ ስለሆነ ፊታችሁን አላይም፤ ስለዚህ አላፍርም።

እናቴ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ከደራና ከዝዋይ በጭነት መኪና እያመጣች እዚህ ናዝሬት ትሸጣለች። ታናሽ እህቴ ትርሲት ሰባተኛ ክፍል ናት። እኔ ከስድስተኛ ወዲያ አልገፋሁም፤ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ለስብሰባ የጠራ ዕለት እናቴ ወደ ደራ ልትሳፈር ስለነበር "አንቺ ሂጂልኝ" አለችኝ።

"ምን እላለሁ?"

"ምንም አትይም። ሰው ሲያጨበጭብ ታጨበጭቢያለሽ፤ ሰው ሲበተን ትመጫለሽ።"

ይህን ያህልማ አያቅተኝም ብዬ ሄድኩ። ከኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ለሰባተኛ ክፍል ልጅ በተሠራ ዴስክ ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ ገባሁ። የናዝሬት ቀትር እንደምታውቁት ነው፤ ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል፣ ነፋሱ አቧራውን ይዞ በመስኮት ይገባል። ወላጆች ፊታቸውን በነጠላ ጫፍና በባርኔጣ ያራግባሉ።

ዳይሬክተሩ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከተማሪዎች የሚፈልገውን እያነሱ ተናገሩ። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ የደንብ ልብስ ታጥቦ ይለበሳል፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የእርሻ ትምህርት ስላለ ሰባተኛ ክፍል በሙሉ መኮትኮቻ ይዞ የአትክልት ቦታው ላይ ይገኛል። ይህን ሲሉ ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ።

"ቅዳሜ ትምህርት አለ እንዴ?"

"የኔው እረፍት ነው ብሎኝ ኳስ ሜዳ ነው የሚውለው!"

"የኔው ደግሞ መኮትኮቻ ይዞ ሲወጣ ለአያቱ ጎመን ሊኮተኩት እየመሰለኝ ስመርቀው ነበር የከረምኩት። ምርቃቴን መልሱልኝ!"

ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ችግራችን ይኸው ነው። ለቤተሰብ የምንልከው ወረቀት ቤት አይደርስም። ጀልባ ተሠርቶ ቦይ ላይ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ። ስለዚህ ከየሰፈሩ አንድ ሰው ተመርጦ የትምህርት ቤቱን ነገር በየቤቱ በቃል እንዲያደርስ ታስቧል።

ይህን ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ተነሳ። "ጓዶች! ከዚህ ሰፈር ፈቃደኛ የሆነ ከመቀመጫው ይነሳ!"

ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ጀመር። የሰው ጫማ እንደዚያን ቀን ተመርምሮ አያውቅም።

ልክ በዚያች ሰዓት በሩ ተከፍቶ አዴ ጫልቱ ገቡ። አዴ ጫልቱ በሰፈሩ ለሁላችንም ወተት የሚያመጡልን፣ ዕድሜያቸው ከእናቴ የሚበልጥ ጎረቤታችን ናቸው። የልጅ ልጃቸው እዚያው ይማራል። አርፍደው ገቡና መቀመጫ ፍለጋ ዓይናቸውን አዞሩ። እኔ ደግሞ ያደግሁት ታላቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መጠበቅ እንደ ስድብ በሚቆጠርበት ቤት ነው። ራሴ ሳያስብ እግሬ ይነሳል። ነጠላዬን ሰብስቤ ብድግ አልኩና "ኖር!" አልኩ።

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናጋው።

አዴ ጫልቱ የተጨበጨበው ለእሳቸው መስሏቸው በሩ ላይ ቆመው እጅ ነሱ። "ኧረ ምን አድርጌ! ገላቶማ፣ ገላቶማ!" እያሉ በኦሮምኛ እያመሰገኑ መጥተው ቦታዬ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። "እኔ እኮ የተነሳሁት ለአዴ ጫልቱ ነው" ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። የገባበት ግን አቧራ ብቻ ነው።

"ይህቺ ወጣት ጓድ ለሁላችንም ምሳሌ ናት! ስምሽ ማን ነው?" አለ ሊቀመንበሩ።

ነገርኩት። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ ነገርኩት። በመጨረሻ በመስኮት ስታጮልቅ የነበረችው ትርሲት ጮክ ብላ ነገረችልኝ። እንደገና ተጨበጨበ። የተጨበጨበበት ነገር ደግሞ አለቀ ማለት ነው።

ሰው ሲበተን ዳይሬክተሩ ለብቻዬ ጠሩኝ። "ከሰፈራችሁ ሮማን የምትባል ተማሪ አለች። ከሰባተኛ ክፍል የሚደርስባት የለም፤ ቅዳሜ ግን መጥታ አታውቅም። እናቷ እስከ ዓርብ መጥተው ካላነጋገሩን ስሟ ይሰረዛል። ደንቡ ከላይ የመጣ ነው፤ ላድናት ብል እንኳ አልችልም። ቶሎ ንገሪልኝ" አሉኝ።

ሮማንን አውቃታለሁ፤ የትርሲት ጓደኛ ናት። እናቷን እትዬ ዘነበችንም ማን የማያውቃቸው አለ፤ ጉሊት አትክልት ይሸጣሉ። ትልቁ ልጃቸው ደረጀ ዘምቶ ሰሜን ነው፤ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። የዘማች መርዶ በቀበሌ በኩል ነው የሚመጣውና፣ የቀበሌ ሰው በደጃቸው በኩል ሲያልፍ እትዬ ዘነበች የያዙትን ሥራ ትተው፣ ሰውየው ሳይቆም እስኪያልፍ ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩታል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ማወቅና ማስተዋል ግን ለካ ለየብቻ ናቸው።

በማግስቱ ጉሊት ሄድኩ። ገዢ ከቧቸው ስለነበር በሰው ፊት መናገር አፈርኩና ቲማቲም ገዝቼ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ስሄድ ብቻቸውን ነበሩ። ይሄ ደግሞ ባሰ። ፊት ለፊት ሲያዩኝ ምላሴ ተሳሰረና ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ። እናቴ የገዛሁትን አገላብጣ አየች። ቤታችን እስከ አልጋው ሥር ድረስ ሽንኩርት ነው።

"ይሄ ሽንኩርት እኮ የኔ ነው" አለች። "ለዘነበች የሸጥኩላት እኔ ነኝ። የሸጥኩትን ሽንኩርት አትርፋ መልሳ ለልጄ ሸጠችላት ማለት ነው?"

"አፍሬ ነው" አልኳት።

"እሷማ አላፈረችም!"

በሌሎቹ ቤቶችም የተሻለ አልቀናኝም። ገና ከደጅ "ግቢ፣ ቅመሺ" ይሉኛል። ጎርሼ ሳልጨርስ ሌላ ይጨመራል። በሞላ አፍ ስለ ደንብ ልብስ መናገር ነውር ነው፤ አፌ ባዶ ሲሆን ደግሞ "በልቶ ወዲያው ወደ ጉዳይ" እንዳይሆንብኝ አፍራለሁ። በዚያ ሳምንት ሳልናገር ወፈርኩ።

ሮማንን ራሷን በትርሲት በኩል ብናስጠይቃት "ለእማዬ እንዳትነግሩብኝ!" ብላ አለቀሰች። ቅዳሜ ገበያው ስለሚደምቅ እናቷ ብቻቸውን ጆንያ ሲያነሱ ማየት አልቻለችም። "ቅዳሜ ትምህርት የለም" እያለች አብራቸው የምትውለው ለዚያ ነበር።

ሐሙስ ሲደርስ ጭንቀቱ ምግብ ከለከለኝ። እናቴ አይታ አይታ "ብቻሽን ካፈርሽ ትልልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ" አለችኝ። ይህ የማንም አገር ብልሃት አይደለም፤ የእኛው ነው። የከበደ ነገር በታላላቅ ሰው ይነገራል። ወዲያው ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሮጥኩ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጨዋ፣ ቃላቸውን እንደ ስኳር መዝነው የሚሰጡ። እድሌ ሆኖ አዴ ጫልቱም ወተታቸውን አድርሰው እዚያው ተቀምጠዋል። አቀርቅሬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ እንዲህ አልኩ፦

"ለእትዬ ዘነበች የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። ብቻዬን ከበደኝ። አብራችሁኝ ብትሄዱ..."

ጋሽ ሰይድ የያዙትን ሚዛን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

"ከቀበሌ ነው የተነገረሽ?"

"ሊቀመንበሩም ነበር፤ እነሱ ናቸው የመረጡኝ።"

"ሴትዮዋ ሰምታለች?"

"ምንም አልሰሙም።"

አዴ ጫልቱ ደረታቸውን ያዙ። ጋሽ ሰይድ የሱቁን በር ገርበብ አደረጉና "በይ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ነገ በማለዳ፣ ሳትወጣ እንሄዳለን። እንዲህ ያለው በጠዋት ነው የሚነገረው" አሉኝ።

እንዴት ያሉ አስተዋይ ሰው ናቸው አልኩ በልቤ። እትዬ ዘነበች በማለዳ ለገበያ እንደሚወጡ እንኳ ያውቃሉ!

ዓርብ ሲነጋጋ ጋሽ ሰይድ ከሶላታቸው እንደተመለሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው በራችን ላይ ቆሙ። አዴ ጫልቱ ትልቅ ድስት ሙሉ ንፍሮ ቀቅለው አዝለው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ጭስ ይሆናል አልኩ። በሰው ቤት ቁርስ ላለማስቸገር ንፍሮ ይዞ መምጣት፣ ወይ ጨዋነት! እያልኩ በልቤ አመሰገንኳቸው። እትዬ ዘነበች ደጅ ስንደርስ ጥግ ላይ የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ ግድግዳ ተደግፎ አየሁት። እሱም በማለዳ የሚነሳ ሰው ነው አልኩ። እንግዲህ ሰው እንዴት እንዲህ ይሞኛል ትሉ ይሆናል። ዓይን አፋር ሰው የሚያየው መሬት መሬቱን ነው፤ ከላይ ያለው ሁሉ ያመልጠዋል።

በሩን ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው አንኳኩ።

"ማነው?" አሉ እትዬ ዘነበች ከውስጥ።

መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ድምፄ አልወጣም። በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች ለገበያ ታጥቀው፣ ባዶ ዘምቢል ይዘው ወጡ። ያዩትን አስቡት፦ በጎህ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ፣ ከንፈራቸውን የሚመጥጡ ባልቴት፣ በቀበሌ ፊት የተመረጠች ልጅ አንገቷን ደፍታ።

ዘምቢሉ ከእጃቸው ወደቀ። "ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?"

ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ዘነብዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ገብተሽ ቁጭ በይ" አሉ።

"ልጄን! ደረጄን!"

እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም አያሰማኝ። መሬት ላይ ተጣሉ። አዴ ጫልቱ ድስቱን አስቀምጠው አብረው ወደቁ። ጋሽ ሰይድ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ወዲያው ከጥግ በኩል ጡሩንባው ተነፋ፤ ጋሽ ሰይድ ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑ ለካ ማታውኑ በጆሮው ሹክ ብለውታል። ጎረቤት ነጠላውን እያጣፋ ከየበሩ ወጣ። ወንዶቹ ድንኳኑን ተሸክመው ደረሱ። "ወይኔ ደረጀ! ወይኔ ደጉ ልጅ! ጆንያዬን ሳልጠራው የሚያነሳልኝ!" ይላሉ ሴቶቹ። ደረጀ ደግ ልጅ ነበር፤ እኔንም ውሃ ስቀዳ ረድቶኝ ያውቃል። ስለዚህ እኔም አለቀስኩ። እንዲያውም እያለቀስኩ መጠራጠር ጀመርኩ። ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ ልሆን አልችልማ! የጋሽ ሰይድን ጋቢ ጎተት አደረግሁ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ደረጀ ሞቶ ነው እንዴ?"

ጋቢውን ከዓይናቸው ላይ አነሱ። "ምን አልሽ? አንቺ አይደለሽም እንዴ የነገርሽን?"

"እኔ የመጣሁት ሮማን ቅዳሜ ስለቀረች ነው።"

"ምን?"

"የእርሻ ትምህርት... መኮትኮቻ ይዛ..."

ጋሽ ሰይድ ፊታቸው እንደ ኖራ ሆነ። ተተክሎ ሊያልቅ የደረሰውን ድንኳን አዩ፤ እኔን አዩ። "ላ ኢላሀ ኢለላህ! በይ ተናገሪ! አሁኑኑ ተናገሪ!"

"እርስዎ ይንገሩልኝ።"

"እኔማ አልናገርም! ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ነው የሚያስሩኝ!"

ይህን እየተባባልን ሮማን የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ከቤት ወጣች። እናቷን አየች፤ ድንኳኑን አየች። ገባት። ሳትጮህ በጉልበቷ ተንበረከከችና ግንባሯን መሬት ላይ አደረገች። ያን ጊዜ ከሆዴ የወጣው ድምፅ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የእኔ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ይመን።

"ደረጀ አልሞተም! ማንም አልሞተም! የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው!"

ጡሩንባው ግማሽ ላይ ተቋረጠ። ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እትዬ ዘነበች ከመሬት ቀና አሉ።

"ምን አልሽ?"

"ሮማን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርሻ ትምህርት ትቀራለች። እርስዎ ዛሬ ሄደው ካላነጋገሩ ስሟ ይሰረዛል። ይህን ንገሪ ተብዬ ነው።"

"ደረጀስ?"

"ስለ ደረጀ ምንም አልሰማሁም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ምንም የሚለው ቃል ያን ያህል የሚጣፍጥ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ዘነበች ተስፈንጥረው ተነሱ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንገቴን አንቀው ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ ነጠላዬን ሳይቀር ሳሙኝ። "ይህን ልትነግሪኝ ነው? ይህን ብቻ? ተመስገን! ትሰረዛ! ሺህ ጊዜ ትሰረዝ! ልጄ አልሞተም!" እልልታው ቀለጠ። አዴ ጫልቱ እንባቸውን ሳይጠርጉ ንፍሮውን ያድሉ ጀመር። ድንኳን የተከሉት ወንዶች ግን ይንቀሉ ይተዉት ግራ ገብቷቸው እየዘገኑ ቆሙ።

እኔ እዚያ ላይ ሹልክ ብዬ ቤቴ መግባት ነበረብኝ። ልሄድም ነበር። ነገር ግን ሮማን ግድግዳውን ተደግፋ እንደገና ስታለቅስ አየኋት፤ አሁን ለራሷ ነበር። በዚህ ሁሉ እልልታ መካከል የተሰረዘችው እሷ ናት።

"እትዬ" አልኩ። "አትሰረዝ።"

"ምን ቸገረሽ የኔ ልጅ!"

"ይቸግራል። እኔ ስድስተኛን ሳልፍ፣ ለሰባተኛ የሚመዘገቡበትን ቀን ለቤታችን የነገረ ሰው አልነበረም። እናቴ የሰማችው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው። ለሚመጣው ዓመት ትገቢያለሽ ተባልኩ። ዓመቱ ሲመጣ ቤቱ ሥራ በዛበት፤ በዚያው ቀረሁ። ማንም ትምህርት አልከለከለኝም። የነገረን ሰው ስለሌለ ብቻ ነው። እርስዎን ግን እኔ ነግሬዎታለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም ነበር። እትዬ ዘነበች ሳቃቸውን ተዉ። ወደ ሮማን ዞሩ።

"ቅዳሜ ትምህርት የለም አላልሽኝም?"

"ብቻሽን ስለምትሆኚ ነው እማዬ። ደረጀ ቢኖር እሱ ነበር የሚያነሳልሽ።"

እትዬ ዘነበች የልጃቸውን ፊት በነጠላቸው አበሱ። አበሱ ስል አሻሹ ማለቴ ነው፤ ቆዳዋ እስኪቀላ። "ተነሺ። መኮትኮቻውን አምጪ" አሉ።

"ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።"

"አምጪ ብያለሁ!"

እንደቆሙ፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ፣ ወደ ትምህርት ቤት መንገድ ጀመሩ። ካለቀሰች ሴት ተለይቶ ወደ ቤቱ መግባት በእኛ ዘንድ አይታወቅም። ሰው ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ ተከተለ። መስቀለኛው ላይ ሊቀመንበሩ ከአንድ ጥበቃ ጋር እየሮጠ ደረሰብን።

"ቁሙ! ይህ ሰልፍ በማን ፈቃድ ነው?"

"ሰልፍ አይደለም፣ ለቅሶ ነው" አሉ አዴ ጫልቱ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም።"

ሊቀመንበሩ አሰበ። ሟች የሌለው ለቅሶ በየትኛው መመሪያ እንደሚስተናገድ አላገኘውም መሰለኝ። "ታዲያ ወዴት ነው?"

"ትምህርት ቤት። ልጅቷ ቅዳሜ ቀርታ ነው። ንፍሮ እንካ።"

ንፍሮውን ተቀበለ፤ ጥቂት አላመጠ፤ ከዚያ "ለትምህርት ከሆነ ጥሩ ነው" ብሎ ከፊት ሆኖ ይመራን ጀመር።

ዳይሬክተሩ ጩኸቱን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ከፊት ፀጉራቸው የተንጨባረረ፣ ዓይናቸው ያበጠ፣ ቀሚሳቸው አፈር የሆነ ሴት ቆመዋል። አጠገባቸው መኮትኮቻ የታቀፈች ተማሪ አለች።

"ልጄ ቅዳሜ ስለቀረች ነው የመጣሁት" አሉ እትዬ ዘነበች፤ ለቅሶው ገና ስላልለቀቃቸው ሳግ ተናነቃቸው። "ይቅርታ ያድርጉልን። ከእንግዲህ አትቀርም።"

ዳይሬክተሩ ደነገጡ። ሴትዮዋን አዩ፤ ከኋላ ያለውን ሰው አዩ። "እናቴ፣ ይህን ያህል ማዘን አያስፈልግም ነበር! የእርሻ ትምህርት እኮ ነው!" አሉ፤ የእሳቸውም ድምፅ ተሰበረ። የሮማን ስም ወዲያው እንዳለ እንዲቆይ ተደረገ። መምህራኑንም ጠርተው "ቤተሰብ ሲነገረው እንዴት እንደሚቀበል ተመልከቱ" አሏቸው። እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ እንዴት ብዬ! ሰዉ አንዴ ተሰብስቧልና ስለ ሰንደቅ ዓላማው፣ ስለ ደንብ ልብሱ፣ ስለ ቅዳሜው ሁሉንም በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ደግመው አስረዱት። ሰፈሩ ንፍሮውን እየቃመ በጽሞና ሰማ። እኔ በየቤቱ ዞሬ የማልጨርሰው በአንድ ጠዋት አለቀ።

ያን ቀን እኔን መቆጣት ለማንም ይቀል ነበር። እትዬ ዘነበች እንኳ ቢረግሙኝ እውነት አላቸው። አንድ ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ጡሩንባ ነፊው ራሱ "ለጤና ይሁን፣ ትንፋሼን አፍታታሁበት" አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሮማን ትምህርት ቤት ስትሄድ ጉሊቱ ላይ አሁን እኔ ነኝ የምቀመጠው፤ ጆንያውን ከእትዬ ዘነበች ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘን እናነሳለን። ከእናቴ ሌላ፣ ዝም ስል ዝምታዬን ሳይታዘበኝ አጠገቡ የሚያስቀምጠኝ ሰው አገኘሁ። ይህን የሰጡኝን ሰዎች በቃል ማመስገን ስለማልችል ነው በጽሑፍ የማደርገው።

ከምርጫው ግን አልወረድኩም። ጋሽ ሰይድ ብቻ አንድ ሕግ አወጡልኝ፦ ሰው ቤት ስሄድ በሩ ጋ ሳልደርስ፣ ገና ከመንገዱ ማዶ፣ "ሁሉም ደህና ነው! የትምህርት ቤት ነው!" ብዬ መጮኽ አለብኝ። መጀመሪያ እንዲህ መጮኹ ለእኔ ሞት መስሎኝ ነበር። አሁን የሰፈሩ ውሾች እንኳ ለምደውኛል። አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። "ሁሉም ደህና ነው" ተብሎ የተጀመረ ወሬ፣ ከዚያ በኋላ ምን ቢከተለው የሚከፋበት ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት በእትዬ ዘነበች ደጅ ቆሜ ጮኽኩ።

"ሁሉም ደህና ነው! የትምህርት ቤት ነው!"

"ተመስገን!" አሉ ከውስጥ። "ምን አሉ?"

"ሮማን ክፍል ውስጥ ወሬ አብዝታ ቦታ ተቀይራለች!"

"ተመስገን!"

"በሒሳብም ዝቅ ብላለች!"

"እሰየው!"

"መኮትኮቻውንም ሰብራዋለች፣ ሌላ ይዛ ትምጣ ተብሏል!"

"እሰየው! እሰየው የኔ ልጅ! አፍሽን ቁርጥማት አይንካው! ነይ ግቢ፣ ቁርስ ቀርቧል!"